«ንፋስ ብቻ ነው የጎደለው» አትበሉን!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጎማ ተንፍሶባችሁ «ጎሚስታው እዚህ ጋ ነው፣ ቀስ እያልኩ ልድረስ» ብላችሁ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ አታውቁም? እንዳትዋሹኝ! ደርሳችሁ ልጁ ሚስማሯን ነቀለ፣ ለጠፈ፣ ነፋ። ሂሳብ ከፈላችሁ። ጎማው እንደ ድሮው ደንደን ብሎ ቆመ። «ንፋስ ብቻ ነበር የጎደለው፤ ተሞላ፣ አለቀ» ብላችሁ መንገዳችሁን ቀጠላችሁ።

እኔ ደግሞ አላለቀም ባይ ነኝ። ንፋሱ ተመልሷል። ጎማው ግን የቅድሙ ጎማ አይደለም፤ ከዚህ በኋላም አይሆንም። ዛሬ የምጨቃጨቃችሁ በዚህች ብቻ ነው።

(የመኪና ምሁር አይደለሁም። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ አንድ የማፍርበት ታሪክ አለኝ፣ አዘዞ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያጠፋሁት ብዙ ሰዓት ደግሞ አለኝ።)

ጎንደር ላይ ጎማ የሚመረመረው በእርግጫ ነው። ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ ብትሄዱ የቤት መኪናውም፣ ሚኒባሱም፣ ባጃጁም ያለው ምርመራ አንድ ነው። ሹፌሩ ከመውጣቱ በፊት መኪናውን ይዞራል፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ ጠለዝ ያደርገዋል፣ «ቆንጆ ነው» ይላል። የጭነት መኪና ረዳት ከሆነ በብረት ይመታና ድምፁን ያዳምጣል። ይሄ እንኳ ይሻላል፤ ከጥንድ ጎማ መሀል ጨርሶ የተነፈሰውን ይለይለታል። 110 መሆን የነበረበት 80 መሆኑን ግን ብረት አይናገርም። እርግጫማ ጭራሽ!

«በዓይን አየዋለሁ» የሚል ደግሞ አለ። ወዳጄ፣ ዛሬ በብዛት የምንነዳበት ራዲያል የሚባለው ጎማ በተፈጥሮው ጉንጩ ጎበጥ ያለ ነው። ልኩን ይዞም ጎበጥ ብሎ ይታያል፤ ከንፋሱ አምስተኛውን አጥቶም ጎበጥ ብሎ ይታያል። ዓይንህ «ተንፍሷል» ብሎ እስኪነግርህ ድረስ ጎማው ብዙ መንገድ ተሰቃይቷል።

ሰዉ የሚሳሳተው ከመነሻው ነው። መኪናውን የተሸከመው ላስቲኩ ይመስለዋል። የለም! ሸክሙን የያዘው የታመቀው ንፋስ ነው። ላስቲኩ፣ ክሩና ሽቦው ንፋሱን አቅፈው የሚይዙ ከረጢት ናቸው። ንፋሱ ሲጎድል ሸክሙ ወደ ከረጢቱ ይዞራል። ከረጢቱ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም።

እስቲ እንቁጠር። የሚኒባስ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ450 ጊዜ በላይ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር የጎማው ጎን መሬት ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ሲያልፍ ይቃናል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ45 ሺህ ጊዜ በላይ መታጠፍና መቃናት ማለት ነው፤ ያውም መሄጃው ብቻ! ንፋሱ ልክ ከሆነ እጥፋቱ ትንሽ ነው፤ ጎማው ያንን እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው። ሲጎድል ግን እጥፋቱ ይጠልቃል። ልጆች ሆነን የሽቦ መኪና ስንሠራ፣ መቁረጫ ከሌለን ሽቦዋን ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ አድርገን አልነበር የምንበጥሳት? ልትበጠስ ስትል ጫፏን ብትነኩት ያቃጥል ነበር። ትዝ አላችሁ? ጎማ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ድካምና ሙቀት።

ክፉው ሙቀቱ ነው። ላስቲክ ሙቀትን ቶሎ አሳልፎ አያወጣም፤ ውስጥ የተፈጠረው እዚያው ይከማቻል። ጎማ ማለት ደግሞ የላስቲክ፣ የክርና የብረት ሽቦ ንብርብር ነው፤ በሙቀትና በድኝ አንድ ላይ በስሎ የተጣበቀ። (ላስቲክን በድኝ ማብሰልን ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ነው የደረሰበት። ስሙን ጎማ ላይ ታዩታላችሁ፤ ኩባንያው ግን እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ በሌሎች ሰዎች የተቋቋመ ነው።) ይሄ የበሰለ ነገር ከልኩ በላይ ደጋግሞ ሲግል ንብርብሩ መላቀቅ ይጀምራል፣ ክሩ ይደክማል፣ ላስቲኩ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ያረረ ዳቦ እሳት ስላጠፋችሁለት ወደ ጥሩ ዳቦነት ይመለሳል? የተላቀቀ ንብርብርንም ንፋስ መልሶ አያጣብቀውም። ንፋስ የሚያደርገው መሸፈን ነው። ከውጭ ደንደን ያደርገውና ጤነኛ ያስመስለዋል።

እዚህ ላይ ፍርሃት ነዛህ እንዳልባል አንድ ነገር ልመን። ጉድለት ሁሉ እኩል አይደለም። ጤነኛ ጎማም ቢሆን በወር 1 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል በራሱ ያጣል። ሁለት ሦስት ጎድሎ ከተማ ውስጥ ለሳምንት የነዳ ሰው ጎማውን አልገደለም። የጎማውን ጥርስ ዳርና ዳሩን ትንሽ በልቷል፣ ነዳጅም አባክኗል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በአራቱ ጎማዎች አማካይ ላይ 1 ፒ.ኤስ.አይ. በጎደለ ቁጥር 0.2 በመቶ ነዳጅ ይባክናል ይላል። ትንሽ ናት፤ ማደያ ሰልፍ ላይ ሲሰለፍ ለዋለ ሰው ግን ትንሽ አይደለችም። ይሄንን ሞልተህ ትረሳዋለህ። እኔ የምለው ከዚያ ስላለፈው ነው። በከባድ መኪና ጎማ ሙያ የሚታወቅ አንድ መስመር አለ፤ ከሚገባው ንፋስ 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይዞ የተነዳ ጎማ «ተንፍሶ የተነዳ» ተብሎ ነው የሚቆጠር። ወርዶ፣ ከቸርኬው ወጥቶ፣ ውስጡ ሳይታይ ዳግም አይነፋም። 110 የሚገባው 88 ሲሆን ማለት ነው! ሹፌሮቻችን 88ን «ሙሉ ነው» የሚሉትን 88። ጨርሶ ተንፍሶ በቸርኬው ጠርዝ የሚፈጭ ከሆነማ ኪሎ ሜትርም አያስፈልገው።

አሁን ወደ ኃጢአቴ።

አጎቴ አሮጌ ዲኤክስ አለቻቸው፤ ከልጅ አብልጠው የሚንከባከቧት። አንድ ክረምት ላይ ለምኜ ተዋስኳት። ከማራኪ ስመለስ የኋላ ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። ዝናብ ነበር። ጫማዬ ነጭ ነበር። አጠገቤ ደግሞ እሷ እያየችኝ ጭቃ ውስጥ መንበርከክ የማልፈልግባት ልጅ ተቀምጣ ነበር። (ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨምርም።) ክሪክ አውጥቼ ስኮርታውን ማሰር ሲገባኝ እስከ ጎሚስታው እያንገጫገጭኩ ነዳሁ። ቢበዛ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ጎሚስታው ልጅ ጎማውን ዳበስ አድርጎ እጁን አነሳ። ግሏል። «ወንድሜ፣ ነድተኸዋል መሰል። አውጥቼ ውስጡን ልየው?» አለኝ። ማውጣት ማለት ተጨማሪ ብርና ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ነው። «ተወው፣ ከውጭ ጠቅጥቅና ንፋልኝ» አልኩት። ጠቀጠቀ፣ ነፋ። መኪናዋን አሳጥቤ መለስኩ። ለአጎቴ ትንፍሽ አላልኩም።

ሁለት ሳምንት ቆይተው አጎቴ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆች ይዘው ወደ ደባርቅ ሲወጡ፣ ኮሶዬን አለፍ እንዳሉ ያ የኋላ ቀኝ ጎማ ፈነዳ። ኮሶዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ቆላውን ቁልቁል እያየ ፎቶ የሚነሳበት አገር ነው። መኪናዋ ግራ ቀኝ ስትዋልል አጎቴ ፍሬን አልረገጡም። ነዳጁን ለቀው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ በራሷ ፍጥነቷ እስኪበርድ ጠበቁ። ከገደሉ በተቃራኒ ያለው ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ሌላ ሹፌር ቢሆን፣ ለምሳሌ እኔ ብሆን፣ ፍሬኑን እረግጠው ነበር።

የጎማው ሬሳ ጎንደር ሲመጣ አየሁት። ጉንጩ ዙሪያውን ተቀዷል። ውስጡን በጣቴ ስዳብሰው ጥቁር ዱቄት ወጣ፤ የላስቲክ ብናኝ ነው። ጉንጩ ላይ ከውስጥ በኩል እንደ ቀለበት የዞረ የተፋቀ መስመር አለ። ያ መስመር ጎማው ተንፍሶ ሳለ በራሱ ላይ ታጥፎ የተፈጨበት ቦታ ነው። ልጁ «አውጥቼ ልየው» ያለኝ ይሄንን ለማየት ነበር። አጎቴ «የዘንድሮ ጎማ! ቻይና!» ብለው ፋብሪካውን ረገሙ። እኔም «ልክ ነዎት ጋሼ» አልኳቸው።

እና ልብ በሉ፤ የአደጋ ወሬ ስንሰማ «ጎማ ፈንድቶ ተገለበጠ» ይባላል። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰው የለም። ጎማው በገዛ ፈቃዱ ተነስቶ ፈነዳ! ከፈለግን ቻይና ነው እንላለን፣ ሲብስብን ሙቀቱ ነው፣ ሲቸግረን የፈጣሪ ቁጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት ተንፍሶ የነዳው፣ ሳያስከፍት ያስነፋው፣ ዝም ብሎ የመለሰው ሰው ግን ከወሬው ውጭ ነው። ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እየጠጣ ነው።

ይሄ የድሃ አገር ችግር ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን አሜሪካ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን ጎማ «መልሱልኝ» ብሎ አወጀ። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር የሚባለው መኪና ላይ የታሰሩ ነበሩ። የጎማው ጥርስ ያለበት ንብርብር ከነሽቦው እየተላቀቀ፣ መኪናው እየተገለበጠ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በመጨረሻ 271 ሟች ቆጠረ። ሁለቱ ኩባንያዎች መቶ ዓመት ከሚጠጋ ወዳጅነት በኋላ ተወነጃጀሉ። የጭቅጭቁ አንዱ መሀል ምን ነበር መሰላችሁ? ንፋስ! ፎርድ ለባለመኪናው 26 ሙላ ብሎ ነበር፤ ፋየርስቶን ደግሞ 30 መሆን ነበረበት አለ። አራት ፒ.ኤስ.አይ.! እርግጥ የጎማው አሠራር ራሱ ጉድለት ነበረበት፤ መርማሪዎቹም ብለውታል። ግን ደካማው ጎማ ቶሎ የወደቀው የት ነው? ሙቀት ባለባቸው ደቡባዊ ግዛቶች፣ ጭነት በያዘ መኪና፣ በፍጥነት፣ ንፋስ አንሶት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ ሕግ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2007 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ ንፋስ ከልኩ በ25 በመቶ ሲወርድ ዳሽቦርድ ላይ መብራት እንዲያበራ ተገደደ። የእኛ አብዛኛው ቪትዝና ዲኤክስ ያ መብራት የለውም። ያለው ደግሞ (አይቻለሁ!) በፕላስተር ተሸፍኗል፤ «ዓይኔን ስለሚረብሸኝ» ተብሎ።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ደጋና ቆላ ስለሚያገናኘው መንገዳችን የሚወራ ሌላ ተረት አለ። ወደ መተማ የሚወርድ ሹፌር ጠይቁት። «ቆላ ሲደርስ ሙቀቱ ራሱ ይሞላዋል» ብሎ ከጎንደር አጉድሎ ነው የሚነሳ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለቤት መኪናው 32 ይገባዋል እንበል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ መተማ 700 ሜትር ገደማ። መለኪያው የሚያሳየው የውስጡ ንፋስ ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ስትወርድ የውጭው አየር ይከብዳል፤ ስለዚህ መለኪያው 2 ያህል ይቀንሳል። የጠዋቱ 15 ዲግሪ ወደ 40 ሲወጣ ደግሞ ወደ 4 ገደማ ይጨምራል። ተደማምሮ የጨመረው 2 አይሞላም! ለዚች ብሎ 6 አጉድሎ 26 አድርጎ ይነሳል። ጎማው ደግሞ ንፋስ ስላነሰው በራሱ ከሚገባው በላይ ይግላል። ሙቀት ፈርቶ ሙቀት ጋበዘ ማለት ይሄ ነው።

የባሰው ሁለተኛው ነው። መንገድ ላይ ጎማው ግሎ መለኪያው 38 ሲያሳይ «ሊፈነዳ ነው» ብሎ እያፏጨ ያስተነፍሰዋል። የጋለ ጎማ 38 ማሳየቱ ጤና ነው፤ ፋብሪካው አስቦበታል። 32ቱ የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፤ ሳይነዳ ሦስት ሰዓት የቆመ ጎማ ማለት ነው። ሲግል 32 ካደረግከው በማግስቱ ጠዋት 27 ሆኖ ይጠብቅሃል። ቀኑን በሙሉ ያንን ነድተህ መልሰህ ደጋ ትወጣለህ። በላዩ ላይ ደግሞ ሰሊጥ ጭነሃል፤ ከልክ በላይ። ጭነት ማብዛትና ንፋስ ማሳነስ ለጎማው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ጉንጩን ያጥፉታል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ሊማሊሞን ለሚወርድ ሰው ምን ይባላል? ጣልያን በ1930ዎቹ ሲጠርበው ይሄን ያሰበ አይመስለኝም።

ቁጥሩን ከየት አመጣለሁ ለምትሉ፦ የሹፌሩን በር ክፈቱ፣ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ለትናንሽ የቤት መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ነው። ጎማው ጉንጭ ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ የምትሞሉት እሱን አይደለም። ይቺን ስንቱ ምሁር ሲሳሳታት አየሁ!

አሁን መልሳችሁን እሰማለሁ። «በረሃ የሚያቋርጡት ነጮች ጎማ ሆን ብለው ያስተነፍሱ የለ?» ያስተነፍሳሉ። አሸዋ ላይ፣ እየተሳቡ፣ ለጥቂት መንገድ፤ ከዚያ ከመኪናቸው ኮምፕረሰር አውጥተው ወዲያው ይሞላሉ። አንተ አስተንፍሰህ አስፋልት ላይ በ90 ነው የምትበር።

«ጎማ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጎማ ቤት ገብቶ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። እኔም ለዚህ ነው የምጮኸው። ጎማ ርካሽ ቢሆንማ ግደሉት፣ ሌላ ግዙ እላችሁ ነበር። የንፋስ መለኪያ ግን ኪስ ውስጥ የምትገባ ዕቃ ናት፤ ከጎማ ዋጋ ጋር አታወዳድሯት። ተንፍሶ የተነዳው ጎማ ተከፍቶ ውስጡ ካረረ ደግሞ መኪና ላይ አይመለስ። ጋሪ ላይ ይታሰር፣ አለበለዚያ በረባሶ ይሁን። እግር ላይ ሆኖ ማንንም አይገለብጥም።

ሦስተኛው መልስ ግን ዝም ያሰኘኛል። አንድ የደባርቅ መስመር ሹፌር ነው የነገረኝ፦ «አንተ፣ አሁን ባለው ጊዜ ጫካ መሀል ቆሜ ጎማ ልቀይር? ተሳፋሪ ይዤ? ከጎማው ነፍሳችን ትበልጣለች!» ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሆነውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። መንገድ ዳር መቆም እንደ ድሮው መቆም አይደለም። ለዚህ ሹፌር የምመልሰው የለኝም፤ ልክ ነው። ንዳው! ጎማው ይሙት፣ ሰዉ ይትረፍ። የምለምነው ከደረሰ በኋላ ስላለው ብቻ ነው። ያንን ጎማ ለጥፎ፣ ነፍቶ፣ በማግስቱ አሥራ ምናምን ሰው ጭኖበት እንዳይመለስ። ሲጀመር ደግሞ ከመናኸሪያ ከመውጣቱ በፊት መለኪያ አግብቶ ቢያይ፣ ጫካ መሀል ቁም ወይም አትቁም የሚያሰኘው ጭንቅ ብዙውን ጊዜ አይመጣም ነበር። ብዙው ጎማ በአንዴ አይተነፍስም፤ በቫልቮላው ወይም በትንሽ ሚስማር ሲያፈስ ሰንብቶ ነው።

አንድ ሰው ቀረን፤ ሁሌም የምንረሳው። ነፊው ልጅ።

የጭነት መኪና ጎማ የቤት መኪና ጎማ አይደለም። ከ100 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ነው የሚነፋ፤ ጉንጩ ውስጥ ደግሞ የብረት ሽቦ ተደርድሯል። ተንፍሶ ሲነዳ እነዚያ ሽቦዎች አንድ በአንድ ይደክማሉ፣ ይበጠሳሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ጎማው ባዶ ሳለ ዝም ይላል። ቀኑ የሚደርሰው ሲነፋ ነው። የቀሩት ሽቦዎች ጫናውን መሸከም ያቅታቸውና አንደኛው ሲበጠስ ጎረቤቱን ያስከትላል፤ ጉንጩ እንደ ዚፕ ተርትሮ ይከፈታል። ፈረንጆቹም «ዚፕ» ነው የሚሉት። የሚወጣው ንፋስ ሰው አንስቶ ይወረውራል። በሙያው ሕግ እንዲህ ያለ ጎማ የሚነፋው በብረት ፍርግርግ ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ በረጅም ቱቦ፣ ነፊው ከጉንጩ ፊት ዞር ብሎ ቆሞ ነው። መጀመሪያ ትንሽ፣ 20 ገደማ፣ ይሞላና ይታያል፣ ይደመጣል። ከውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ሽቦ እየተበጠሰ ነው፤ ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ይጣላል።

እኛ ጋ? ልጁ ጎማውን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ በላዩ ቆሞ ወይም ፊቱ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ቫልቮላውን ይዞ ነው የሚነፋ። ባለመኪናው «ቶሎ በል እንጂ!» ይለዋል። ጎማው ስንት ኪሎ ሜትር ተንፍሶ እንደተነዳ የሚያውቀው ባለመኪናው ብቻ ነው። አይናገርም፤ ከተናገረ «ልክፈተው» ይባላላ! ልክ እንደ እኔ። የኔው ጎማ አጎቴ ጋ ሄዶ ፈነዳ፤ የሱ እዚሁ፣ ልጁ ፊት ሊፈነዳ ይችላል።

ባለፈው ወር አዘዞ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ አንድ ሲኖትራክ መጣ። ከኋላ ጥንዶች የውስጠኛው ተንፍሷል። ረዳቱ ፈትቶ አንከባሎ አመጣው። ነፊው ልጅ፣ ቢበዛ ሃያ ዓመት ይሆነዋል፣ ጉንጩን በመዳፉ ዙሪያውን ዳሰሰው፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ እንደገና ዳሰሰው። «ጋሼ፣ ይሄን ከየት ጀምረው ነው የነዱት?» አላቸው ሹፌሩን። «እዚሁ ነው የተነፈሰ» አሉ። «ዳሱት፣ ይረግባል እዚህ ጋ። አልነፋውም።» ሹፌሩ ሳቁ። ከዚያ ተቆጡ። ንፋስ ሸጠህ ለምትበላው ደግሞ ምርምር አስተማሩህ ወይ፣ ስንት ዓመት ነድቻለሁ፣ ምናምን። ልጁ እጁን በቱታው ጠርጎ ወደ ጥላው ገባ። ሹፌሩ ረዳታቸውን ጠርተው ጎማውን እያንከባለሉ መንገዱን ተሻግረው ወደሚቀጥለው ጎሚስታ ሄዱ።

እዚያ ነፉላቸው።